ታላቁ የቁልቋል ሜዳ አየር ማረፊያ

ከቆቦ ወረድ ብሎ፣ ጎሊና ወንዝ ዳር፣ ቁልቋል ሜዳ በምትባል መንደር የዓለም ምርጡ ድሮን አብራሪ ይኖራል። እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ የባለታሪኩን ማንነት ሳያውቁ ታሪክ የሚያነቡ ሰዎች ስለሚያሳዝኑኝ ነው። ይመር እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ፣ ክንዴ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ክንድ፣ ዓይኔ ደግሞ አላማጣ ተራራ ላይ የቆመች ፍየል ጆሮዋ የተበሳ መሆን አለመሆኑን ይለያል። ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ጦይባ ከጀርባዬ ቆማ «መነጽርህን ደግሞ የት ጣልከው?» እያለች ነው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ ነው። የምጽፈው ለማመስገን ነው። የማመሰግናቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሦስት ሺህ ያህል ይሆናሉ። ጦይባ «መንደሩ ሞልቶ ሁለት መቶ ሰው ነው» ትላለች። እሺ፣ ሁለት መቶ። ግን እንደ ሦስት ሺህ ነው የሠሩት።

እኛ ጋ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ደመናውን አይደለም፤ ካርታውን ነው። ካርታው በየሰዉ ኪስ አለ። አረንጓዴ ከሆነ ይበረራል፤ ቀይ ከሆነ አይበረርም። ሰላምታችን ሳይቀር ተለውጧል። «እንዴት አደርክ?» ሲሉህ «አልሐምዱሊላህ፣ አረንጓዴ» ትላለህ። ቀይ የሆነ ቀን «አልሐምዱሊላህ» ብለህ ዝም ነው።

ቀዩን የሚቀባው መንግሥት አይደለም። መንግሥትማ ቢሆን ወረዳ ወርደህ፣ የምታውቀው ሰው ፈልገህ፣ ተለማምጠህ ታስለውጠዋለህ። ቀዩን የሚቀባው ፋብሪካው ነው። ድሮኖቻችንን የሠራው፣ ከስንትና ስንት ባሕር ማዶ ያለው፣ አንድም ሠራተኛውን በዓይናችን አይተን የማናውቀው ፋብሪካ። ድሮኑን ትገዛዋለህ፣ ስም ታወጣለታለህ፣ ዝናብ ሲመጣ ከልጅህ አስቀድመህ ታስገባዋለህ፤ ይነሣ አይነሣ የሚለው ግን የፋብሪካው ነው። በቅሎ ገዝተህ ልጓሟ ሻጩ እጅ ቀረ ማለት ነው።

ለምደነዋል። ትምህርት ቤቱ በትምህርት ሰዓት ቀይ ነው። ጤና ጣቢያው ሁልጊዜም ቀይ ነው። የሠርግ ድንኳን ከተጣለ ቀይ ነው፤ የለቅሶ ድንኳንም እንደዚያው። ፋብሪካው ከላይ ሆኖ ድንኳን ሲያይ «ሕዝብ ተሰብስቧል» ይልና ሰማዩን ለሦስት ቀን ይዘጋዋል። ስለዚህ ከሃያ ዓመት ወዲህ እኛ አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቅሶ የሚቀመጠው ዋርካ ሥር ነው። እድሩ ድንኳኑን አጥፎ ያስቀምጣል። ሐዘንተኛውም አይቀየምም፤ እህሉ ሜዳ ላይ ነውና። ካቻምና አንድ ሽማግሌ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ልጆቻቸውን ሰብስበው የተናዘዙት ስለ መሬት አልነበረም። «አደራችሁን፣ ድንኳን እንዳትተክሉ። ግሪሳው መጥቷል» ነው ያሉት።

ግሪሳን የማያውቅ ካለ፣ ግሪሳ አውራ ጣት የምታህል ወፍ ናት። አንዷ ምንም አታመጣም። ብቻዋን ግን መጥታ አታውቅም። መቶ ሚሊዮን ሆና ነው የምትመጣው። («ቆጥረሃቸዋል?» ጦይባ ናት።) ማሽላ ላይ ያረፈች እንደሆን ሰው ቁርሱን በልቶ ሳይነሣ ማሳው ባዶ አገዳ ሆኖ ይቆማል። ዱሮ ሰዉ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እያስጮኸ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ እኔ አለሁ። እኔና መብረቅ። መብረቅ የድሮኔ ስም ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ አስነሣዋለሁ። እንደ ጭልፊት እየጮኸ ማሳው ላይ ሲያንዣብብ ግሪሳው አፋር እስኪገባ ድረስ ዞሮ አያይም።

አሁን ወደ ነገሩ። እቴ ዘርትሁን የሚባሉ ጎረቤት አሉን። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከቤታቸው ጀርባ ሩብ ጥማድ የማትሞላ መሬት አለቻቸው፤ እሷ ላይ የሚዘሩት ደገሌት ማሽላ ነው። ሌሎቻችን የምንዘራው ዘሩ በየዓመቱ ከከተማ የሚመጣውን አጭሩን ማሽላ ነው። አጭሩ ጥሩ ነው፤ የበቀለ ዓመት። ካቻምና አልበቅልም አለ። ያን ጊዜ መንደሩ እንደገና የዘራው ከእቴ ዘርትሁን ጎተራ በእፍኝ በእፍኝ እየወሰደ ነው። እሳቸው ማንንም አልመለሱም። ጎተራው እስኪጠረግ ሰጡና የቀረቻቸውን ጥቂት ዘር እዚያችው መሬት ላይ መለሷት። እኛ ግን ያፈራነውን በልተን ጨርሰን ወደ አጭሩ ተመለስን። እሷ ከተበላች ደገሌት የሚባል እህል ከቁልቋል ሜዳ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሄጄ «እቴ፣ ማማዎን ያፍርሱት» አልኳቸው። «ይመር እያለ ማማ ምን ያደርጋል? አንዲት ፍሬ ከጎደለች ጢሜን ይላጩኝ።»

«ጢምህን ምን አደርገዋለሁ?» አሉ እቴ ዘርትሁን። ግን አመኑኝ። ማማው ፈረሰ። እንጨቱንም እኔው ወሰድኩት፤ ለአውድማዬ አጥር ሆነኝ።

አውድማዬን ሳላነሣ አላልፍም። ያን ዓመት የሠራሁት አውድማ በኢትዮጵያ ምድር ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ነው። ፈረስ ሲጋልብ ውሎ ዙሪያውን አይጨርሰውም። መሬቱን ደለደልኩ፣ ውኃ አርከፈከፍኩ፣ በበሬ አስረገጥኩ፣ በእበት ለስኜ እንደ መስተዋት አደረግሁት። ጉንዳን እንዳይገባ ዙሪያውን አመድ መነስነስ የአባቶቻችን ልማድ ነው። እነሱ ስስ መስመር ነበር የሚያደርጉት፤ እኔ ግን ክንድ የሚሰፋ አደረግሁት። የጎረቤቱን ምድጃ ሁሉ አራቁቼ፣ አመዱን በወንፊት ነፍቼ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ክብ አወጣሁ። መሐሉ ላይ ደግሞ ለበረካ ብዬ ሌላ ትንሽ ክብ ጨመርኩ። ስጨርስ መንደሩን ጠርቼ «ይህ ከሰማይ ይታያል!» አልኩ።

ታየ።

አንድ ነገር ልጨምር። አውድማ ላይ ሦስት ነገር አይደረግም። እህል አይቆጠርም። «አለቀ» አይባልም፤ «በረከተ» ነው የሚባለው። ሦስተኛ፣ አይዋሽም። ከሦስቱ ሁለቱን ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ።

ኅዳር አሥር፣ ሰኞ ጠዋት፣ መብረቅን ይዤ ወጣሁ። ካርታውን ባየው ቀይ ነው። የትምህርት ቤቱ ዓይነት ትንሽ ቀይ አይደለም፤ ወንዙን ተሻግሮ አምስት ኪሎ ሜትር ዙሪያውን የፈሰሰ ቀይ ነው። መብረቅን ብነካካው ክንፉ አልነቃነቅ አለ። በዚያን ቀን ግሪሳው ዋጃ ገብቷል ተብሏል። ከዋጃ እኛ ጋ ለወፍ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ፋብሪካው ጋ ደወልኩ። የሚያነሣው «ረዳት» የሚባል ድምፅ ነው፤ አማርኛው እንደ ዜና አንባቢ ነው፤ ተቆጥቶ አያውቅም።

«ክቡር ደንበኛ፣ እንደምን አደሩ። ያሉበት ስፍራ የሄሊኮፕተር ማረፊያ ክልል ነው። መብረር አይቻልም።»

«የምን ሄሊኮፕተር? እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እዚህ ያረፈ ነገር ቢኖር አሞራ ነው!»

«ስለ አሞራው እናመሰግናለን። ተመዝግቧል።»

«ማረፊያ የለም እያልኩህ ነው!»

«ማረፊያው አለመኖሩን ማረጋገጥ የሚችለው የማረፊያው ባለቤት ብቻ ነው።»

«የሌለ ነገር ባለቤት ከየት ይመጣል?»

«ባለቤቱን ሲያገኙ ማረፊያው መሐል ቆመው ይደውሉልን። ማረፊያውን የመሰረዝ ጥያቄ በሰባት ቀን ውስጥ ይመለሳል። መልካም ቀን።»

ሰባት ቀን! ግሪሳ ሰባት ቀን ከተሰጣት አገዳውንም አትተውም። እኔ ግን ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም። አንድ የቆየ ዘዴ ነበር፤ ድሮኑ ከሰማይ የሚላክለት የሳተላይት ምልክት ካልደረሰው የት እንዳለ አያውቅም ይባላል። የጦይባን የሠርግ ድስት አወጣሁና መብረቅን ውስጡ አስቀምጬ ከደንኩት። ሲነሣ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል ብዬ ነው።

«ክቡር ደንበኛ» አለ ድስቱ። «ያሉት ድስት ውስጥ ነው። ድስቱ ያለው ማረፊያ ክልል ውስጥ ነው።»

ጦይባ ድስቷን ተቀበለችኝ። ሁለት ጊዜ አጥባ አስቀመጠችው። እንዲህ ስትሆን ነው የምፈራት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ብቻዬን ተቀምጬ ካርታውን አጎላሁት። ክብ ነገር ሁሉ መሐል አለው። የዚህ ቀይ መሐሉ የት ነው ብዬ አጎላሁት፣ አጎላሁት፣ አጎላሁት። አጥር ታየኝ፤ የእቴ ዘርትሁን ማማ የነበረው እንጨት። በአጥሩ ውስጥ ነጭ ክብ። በክቡ ውስጥ ነጭ ክብ። ከጎኑ ደግሞ አንድ ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ሰውየውን በልብሱ አወቅሁት።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ምስጋና ያለ እውነት አይጥምም። ለማንም አልተናገርኩም። ሰዉ ሲጠይቀኝ «የወረዳው ሥራ ነው» አልኩ። ለሌላው «ጎረቤት ቀበሌ ቀንቶብን ነው» አልኩ። ለአንዱማ አንድ ትልቅ ሰው በሄሊኮፕተር ሊጎበኘኝ እየመጣ ነው ብዬዋለሁ። አመዱን ጠርጌ ነገሩን ልደብቀው አሰብኩ፤ ግን ቢጠረግም ካርታው የሚታደሰው በሰባት ቀኑ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግማሽ ቀን አለፈ።

አሥር ሰዓት ላይ ግሪሳው መጣ። መጀመሪያ ነፋስ መስሎን ነበር። እቴ ዘርትሁን ማሳቸው መሐል ቆመው ነጠላቸውን እያውለበለቡ ይጮኻሉ። ሁላችንም ቆርቆሮ እየደበደብን ደረስን። ወፎቹ ግን የመጡት ለትንሽ ቅምሻ ነበር፤ ቀምሰው ሄዱ። ሦስት ራስ ማሽላ ተበላ።

ጦይባ እዚህ ላይ እጄን ይዛዋለች። ሦስት መስመር ነው። ሦስት መስመር ሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

እቴ ዘርትሁን አንዱን ባዶ ራስ ይዘው ቆሙ። አልተናደዱም። ቢናደዱ ይሻለኝ ነበር።

«እቴ» አልኩ። «ማረፊያው የኔ አውድማ ነው።»

«የምን ማረፊያ?»

«ፋብሪካው አውድማዬን ከላይ አይቶ የሄሊኮፕተር ማረፊያ መስሎታል። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አውቄያለሁ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

እቴ ዘርትሁን ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አንተ ይመር! ከሰማይ ይታያል ስትል እኮ ሰማሁህ!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ባዶውን ራስ እጄ ላይ አኖሩት። «በል፣ ማማዬን መልስ። ነገ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ነገ ለቅምሻ አይመጡም።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ የአውድማዬ አጥር ማማ ሆነ። ችግሩ ወንጭፉ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ወንጭፍ ይዞ አያውቅም። ቃጫ ነጭቶ፣ ፈትሎ ለመጎንጎን ደግሞ ጊዜ የለም። ስለዚህ የመብረቅን መሸከሚያ ቀበቶ አወጣሁ። ላዩ ላይ «አይቆረጥ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ቆረጥነው። ከእሱ አሥራ አንድ ወንጭፍ ወጣ። እቴ ዘርትሁን መንደሩን አሰልፈው አስተማሩ። «ክንድህን አትመን፤ ወገብህን ነው። ሦስት ጊዜ አዙረህ ትለቃለህ፤ አራተኛ ካዞርክ ድንጋዩ ዞሮ ያንተን ቤት ይፈልጋል።»

እኔ አራት ጊዜ አዞርኩ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የአያ እንድሪስን ቆርቆሮ ጣራ አገኘው።

«ማን ነው?» አሉ አያ እንድሪስ ከቤት ወጥተው። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው እንጂ አፋቸው አልደከመም።

«ሄሊኮፕተር ነው አያ!» አለች ጦይባ። «ማረፊያውን ስቶ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሰማዩ ጠቆረ። ሁለት መቶ ሰው ማሳውን ከበብነው። እቴ ዘርትሁን ማማው ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወንጭፋቸውን ሲያስጮኹ ጥይት ይመስላል። እኛ ከሥር «ሃይ! ሃይ!» እያልን የጭቃ ድቡልቡል እንወነጭፋለን። ወፎቹ ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ። አራት ሰዓት ላይ ሄዱ። መዳፋችን ሁሉ ውኃ ቋጥሯል። እኔ ብቻዬን አሥር ሺህ ጊዜ ወንጭፌያለሁ፤ ይህን ጦይባም አላስተባበለችም፤ እሷም መዳፏን እያየች ነበር።

ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ማንም ያልተናገረው ነገር ግልጽ ነበር። ይህን ሰባት ቀን አንችለውም።

ያኔ ነው አያ እንድሪስ የተናገሩት። «እኔ በጎልማሳነቴ አየር ማረፊያ ስሠራ ሥራዬ ምን ነበር መሰላችሁ?»

«አውሮፕላን ማብረር ነው እንዳይሉን» አልኩ።

«ወፍ ማባረር ነው! ፊሽካና ርችት ሰጥተውኝ ቀኑን ሙሉ ሜዳው ላይ ወፍ ሳባርር እውል ነበር። አውሮፕላን ወፍ ይፈራል፤ ወፍ ሞተሩ ውስጥ ገባች ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። ማረፊያ ያለ ወፍ አባራሪ አይከፈትም። ሕግ ነው።»

ሁሉም አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ።

«ይመር» አሉ እቴ ዘርትሁን፣ «ዕድሜህን ሙሉ ስታብጥ የኖርከው ለዛሬ ነው። ሂድ ደውል። ማረፊያ የለም አትበል። አለ በል።»

«አሁን ነገሩ ገባኝ!» ብዬ ተነሣሁ። «ሦስት መቶ ሄሊኮፕተር በቀን ያርፍበታል እላለሁ።»

«ቁጭ በል። ከየት ሆነህ ነው የምትደውለው?»

«ከማረፊያው መሐል ነው የሚሉት። ከአውድማው።»

«እንግዲያው አትዋሽም» አሉ እቴ ዘርትሁን። «እዚያ የሚወቃው የኔ እህል ዘር ነው። ውሸት ባለበት አውድማ ላይ አልወቃውም።»

አያችሁ ጉዴን? ሳልዋሽ አጋንን ተባልኩ። ውኃ ሳትነካ ዋኝ እንደማለት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አውድማዬ መሐል ቆምኩ፤ መንደሩ ከክቡ ውጭ ከቦ ቆመ፤ ደወልኩ።

«ክቡር ደንበኛ፣ ማረፊያው መሐል መሆንዎን አረጋግጠናል። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?»

«በገዛ እጄ የሠራሁት ነው።»

«የማረፊያው ስም?»

«ታላቁ የቁልቋል ሜዳ አየር ማረፊያ።» ስም ማውጣት ውሸት አይደለም።

«የወለሉ ሥራ?»

«ሙሉ በሙሉ በአገር ውስጥ ምርት የተለሰነ። በበሬ ኃይል የተጠቀጠቀ። ስንጥቅ የለውም።»

«ስፋቱ ስንት ነው?»

ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። ለሁሉም ሃምሳ ሜትር ነው ብያለሁ። ለአንዳንዱም መቶ። እቴ ዘርትሁን ጣታቸውን ወደ መሬት ቀሰሩ፤ አውድማ ላይ ነህ ማለታቸው ነው።

«አሥራ ሁለት ሜትር» አልኩ በቀስታ።

«አልሰማንም። ይድገሙት።»

«አሥራ ሁለት!»

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። አልዞርኩም።

«ማረፊያው ላይ እስካሁን የደረሰ አደጋ አለ?»

«አንድም! ከተሠራ ጀምሮ አንድም አደጋ አልደረሰበትም። አንድም ሄሊኮፕተር አልተከሰከሰም። አንድም መንገደኛ አልተጎዳም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ማረፊያ በአህጉሩ ካለ ይቅረብ!»

«በጣም ጥሩ የደህንነት ታሪክ ነው» አለ ረዳት። የምር የተደነቀ መሰለኝ። «የሠራተኛ ብዛት?»

«ሁለት መቶ። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ። መዳፋቸውን ማሳየት እችላለሁ።»

«የጥበቃ አገልግሎት?»

«ውሻ አለን።»

«የወፍ አደጋ አለ?»

እዚህ ላይ፣ እመኑኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማጋንነው ነገር አጣሁ። ያየሁትን ነገርኩት። የጠቆረውን ሰማይ ነገርኩት፣ ባዶ የቀሩትን ሦስት መስመሮች ነገርኩት፤ የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ማማ ላይ ቆመው ሲወነጭፉ እንደዋሉም ነገርኩት።

ረዳት ቀጠለ። «የወፍ አደጋ ያለበት ማረፊያ ወፍ አባራሪ መመደብ ግዴታው ነው። የተመደበ ወፍ አባራሪ አለዎት?»

«አለኝ። መብረቅ ይባላል። የእናንተው ልጅ ነው። አሁን ድስት አጠገብ ተቀምጦ ይቆዝማል።»

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል። በሃያ ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጥዎታል።»

ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ወፎቹ እንደገና መጡ፤ እንደገና መለስናቸው። ረቡዕ ጠዋት ግን የመጡት ሌሎች ናቸው። የዋጃው መንጋ ከአላማጣው ጋር ተቀላቅሎ ነው የመጣው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል አልቆመም። ሰዉ አንድ በአንድ ክንዱ እየዛለ ተቀመጠ። ድምፃችን ጠፋ። የጎረምሳ ነው ያልኳችሁ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልወጣም አለ። ጦይባ ወንጭፉን ከእጄ ወስዳ ቀጠለች። ማማው ላይ እቴ ዘርትሁን በአንድ እጃቸው ምሰሶውን ይዘው፣ በሌላው ያዞራሉ። ድንጋያቸው ማሳው ጫፍ መድረስ ተወ። መንጋውም ይህን ያወቀ መሰለ፤ ከዳር ጀምሮ ወረደ። አገዳው ሲጎብጥ አየሁት።

ኪሴ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

«ክቡር የማረፊያ ኃላፊ፣ እንደምን አደሩ።»

ክቡር የማረፊያ ኃላፊ! እስኪጨርስ አልጠበቅኩም። ካርታው ቀይ ነው፤ በቀዩ ውስጥ ግን አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ መብረቅ ነው። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ከቤቴ ደጃፍ ሲነሣ ያሰማው ድምፅ፣ ሙሽራ ስትገባ እንኳ እንደዚያ ያለ እልልታ አልሰማሁም። በማሳው ላይ አንድ ጊዜ ዞረ። መንጋው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሣ። ወደ ምሥራቅ ሄደ።

እቴ ዘርትሁን ከማማው ላይ ለመውረድ አልቻሉም፤ አዝለን አወረድናቸው። «ዳሩ ብቻ ነው የተነካው» አሉ። ይህን አሥር ጊዜ ደጋገሙት። «ዳሩ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተለውጠዋል። ፋብሪካው ማረፊያውን አልሰረዘውም፤ እኔም እንዲሰረዝ አልጠየቅኩም። ነጩ ክብ ከደበዘዘ ፈቃዱ ይነሣል፤ ስለዚህ መንደሩ በየሳምንቱ አርብ ከጁምዓ በኋላ አመዱን ይዞ ይመጣል፤ አመድ ሌላ ቦታ መድፋት ነውር ሆኗል። የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ ግዴታ ነው ስለተባለ የጦይባ አሮጌ ሻሽ በረጅም ቀርከሃ ላይ ይውለበለባል። ማረፊያ አጠገብ ድንኳን ክልክል ነው ተብሏል፤ ስለዚህ አሁን ዓመቱን ሙሉ፣ ክረምትም ቢሆን፣ የምናለቅሰው ዋርካ ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ ሐዘንተኛውን መሐል አድርገን እንጠጋጋለን። በየቀኑ ረዳት ይደውልና «ዛሬ ማረፊያው ላይ ያረፈው ስንት ነው?» ይለኛል። «ምንም» እላለሁ። «ተመዝግቧል» ይላል። አንዳንዴ አሳዝኖኝ «አንድ አሞራ» እለዋለሁ።

ቢሆንም አመሰግናለሁ። ጣራቸውን በድንጋይ መትቼባቸው መፍትሔ የሰጡኝን አያ እንድሪስን አመሰግናለሁ። መዳፋቸው የተላጠውን ሁለት መቶ ሰዎች አመሰግናለሁ። ድስቷንም ወንጭፌንም ከእጄ የተቀበለችኝን ጦይባን አመሰግናለሁ። ረዳትንም ቢሆን፣ ሥራው ሆኖበት እንጂ፣ አመሰግነዋለሁ። ከሁሉም በላይ ስዋሽ ያልሰደቡኝን፣ ሳልዋሽ እንድናገር ያስገደዱኝን እቴ ዘርትሁንን አመሰግናለሁ።

ጥር ላይ ደገሌቱ ተወቃ። «ማረፊያው ለጥገና ተዘግቷል» ብዬ አስመዘገብኩ፤ ወለሉ ላይ ሥራ ነበርና ውሸት አይደለም። በሬዎቹ ዞሩ፣ ነፋሱ ጥሩ ነበር፣ ገለባው በረረ፣ እህሉ መሐለኛው ክብ ላይ ተከመረ። የመንደራችን ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ እቴ ዘርትሁን አማተቡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ክምሩ ውስጥ አስገብተው የመጀመሪያዋን እፍኝ እኔ ጋ አመጧት። እንዲህ ያለ ነገር ለኔ ተደርጎ አያውቅም።

«እቴ፣ ሦስቱ መስመርስ? ጢሜስ?» አልኩ።

«ሦስቱን መስመር ለወፎቹ መርቄላቸዋለሁ» አሉ። «እነሱም የእግዜር ናቸው። ጢምህን ያዘው፤ ያለሱ ማን ያውቅሃል?»

ያኔ ኪሴ ጮኸ።

«ክቡር የማረፊያ ኃላፊ፣ ዛሬ ማረፊያው ላይ ያረፈው ስንት ነው?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ክምሩ ፊቴ ነው። አፌ ላይ መቶ ኩንታል ደርሶ ነበር፤ ሁለት መቶም ከኋላው እየገፋው ነበር። ዋጥኩት።

«አውድማ ላይ አይቆጠርም» አልኩ።

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁም። ቁጥር ያስፈልጋል።»

«በረካ ነው ብለህ መዝግብ።»

ረዳት «በ፣ ረ፣ ካ» ብሎ ፊደል በፊደል ደገመው። ከዚያ «ተመዝግቧል» አለ።

ዘንድሮ በቁልቋል ሜዳ ደገሌት ያልዘራ ቤት የለም። እና ያ እህል ስንት ሆኖ ነው ለዚህ ሁሉ የበቃው የምትሉኝ ካላችሁ፣ መልሴ ለእናንተም ያው ነው። ጦይባ ከጀርባዬ ቆማ ይህን የመጨረሻውን አንብባለች። ምንም አላረመችኝም።